ሃዬ የማይቋረጥበት ቤት

ልጆቼ፣ ጆሮዬን የወሰደው እርጅና ብቻ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነድቻለሁ፤ የሞተሩን ጩኸት እየጠጣሁ ኖርኩ። አሁን ሰው ሲያወራ ከንፈሩን አያለሁ፣ ቃሉ ግን ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ነው። ሰፈራችን ገንደ ቆሬ ያለው ሁሉ ስለሚያውቅ ትከሻዬን ነክቶ ነው ሰላም የሚለኝ። ተላምጄው ነበር። የከፋኝ ዴቃ ልታገባ ስትል ነው።

ዴቃ የሟች ወንድሜ ልጅ ናት። እኔ ቤት አደገች፣ ኮምፒውተር ተማረች፣ እዚሁ ድሬዳዋ ሥራ ያዘች። በእኛ ሃይማኖት ኒካሕ ሲታሰር ልጅቱን የሚድር፣ ወሊ የሚባል የአባት ወገን አለ። አባቷ ስለሌለ ያ ሰው እኔ ነኝ። የሙሽራውን እጅ ይዤ «ሰጥቼሃለሁ» እላለሁ፣ እሱ «ተቀብያለሁ» ይላል። ያንን ቃል መስማት አለብኝ።

ልጄ ዐብዲቃድር ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ «አባ፣ ውክልናውን ለእኔ ስጠኝ፣ ነውር የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ነውር የለውም። ግን ወንድሜ ቢኖር በገዛ ጆሮው ይሰማ ነበር። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ራሴን መነቅነቅ ደግሞ አይሆንልኝም።

ዴቃ ይህን ስታውቅ «አዴር፣ ትሰማለህ፤ ለእኔ ተወው» አለችኝ። አዴር የአባት ወንድም ማለት ነው።

ሐኪም ያዘዘልኝ ማዳመጫ ነበረኝ። የሰውን ድምፅ፣ የባጃጁን ጥሩንባ፣ የጎረቤቱን ፍየል እኩል እያጎላ ራሴን ሲያዞረኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ዴቃ አሮጌ ላፕቶፗ ላይ የሰውን ድምፅ ብቻ ለይቶ የሚሰጥ ፕሮግራም ጻፈችልኝ። ደረቴ ላይ ትንሽ ማይክ፣ ጆሮዬ ላይ ባለሽቦ ማዳመጫ።

የመጀመሪያ ቀን ዘነበች መጣች። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ግድግዳ ተጋርተን አብረን ሸመገልን። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ከዚያ ድምጿ መጣ።

«ዘነበች፣ ቃልሽ ከአንቺ ኋላ ቀርቶ ነው የሚደርሰው» አልኳት።

«ምን ታደርገዋለህ ሃሺ፣ እሱም እንደ እኔ ጉልበቱን እያመመው ነው» አለች።

ዴቃ ምክንያቱን አስረዳችኝ፤ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከርነል የሚባል፣ ማንም ዘው ብሎ የማይገባበት ግቢ አለ። ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም እዚያ ተቀምጦ ድምፁን ከማይኩ ይቀበላል። የእሷ ፕሮግራም ከግቢው ውጭ ነው፤ በእጅ አይዳሰስም፣ ግን እንደ መሣሪያ ይሠራል፣ ቨርቹዋል ዲቫይስ ይሉታል። ድምፁ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ በተሻገረ ቁጥር እንደ አዲስ ይቀዳል፤ የሚዘገየው ለዚያ ነው።

«ኬላ ላይ ከአንዱ መኪና አውርዶ ሌላው ላይ እንደ መጫን ነው?» አልኳት።

«እሱ ነው አዴር። አሁን ማውረድ መጫኑን አስቀራለሁ። ሁለቱ አንድ ሜሞሪ ይጋራሉ፣ ሁለት በር እንዳለው መጋዘን። ድራይቨሩ በውስጥ በር ያስገባል፣ የእኔው በውጭ በር ገብቶ እዚያው ይሠራበታል።»

ሠርታ ስትጨርስ ቢሮዋ ወሰደችኝ። ባልደረቦቿ ተራ በተራ አነጋገሩኝ፤ ከንፈርና ቃል አብረው መጡ። ስንመለስ የባጃጁ ሹፌር በሶማልኛ ሲራገም ሰማሁ። እርግማን እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቤት ስንገባ ተበላሸ። ዘነበች «እንዴት ዋልክ» ብላኝ ስለ ቲማቲም፣ ዐብዲቃድር ስለ ሠርጉ ድንኳን ያወራሉ፤ ጆሮዬ የገባው ግን «እንዴት ድንኳን… ማቲም… ዋልክ» ነው። ደገምን፣ ያው። የዴቃ ፊት ጠቆረ። ኒካሑ ለዓርብ ነው፣ ዓርብም ተቃርቧል። ዐብዲቃድር እጄን ያዝ አደረገኝ፤ ውክልናውን ማለቱ ነው። ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዴቃ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ትታ እኛን ታይ ጀመር። እኔ ስለ ጀልዴሳ መንገድ አወራለሁ። ዐረፍ ስል ዐብዲቃድር «ሃዬ» ይላል። ትንፋሽ ስወስድ ዘነበች «ሃዬ» ትላለች። መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ ቤት ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት ኩርፊያ ነው። «ሃዬ» ማለት እሺ፣ ከዚያስ፣ አለሁልህ ማለት ነው። ክርስቲያኗ ዘነበች በ«ሃዬ» ከእኛ ትብሳለች። ማለቱን የተውኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሰው የት ላይ እንደሚያርፍ አላውቅማ።

ዴቃ ድንገት ሳቀች። መጥታ ጆሮዬ ሥር ተቀመጠች።

«አዴር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ድራይቨሩ መጋዘኑን ለፕሮግራሜ የሚለቀው ተናጋሪው ዝም ሲል ነው ብዬ ጻፍኩ። ቢሮ ውስጥ ሰው ዝም ይላል። እዚህ ቤት ዝምታ የታለ? ስለዚህ አይለቅም፤ ሲሞላበት አዲሱን በአሮጌው ላይ ይደርባል። የእኔው የሚያነሳው የተደባለቀውን ነው።»

ዐብዲቃድርና ዘነበች የተባባሉትን ዴቃ በኋላ ነው የነገረችኝ።

«እንግዲያው ዓርብ ሰዉ ሁሉ አፉን ይያዝ» ብሏል እሱ።

«ድሬን ዝም አሰኝታችሁ ልትድሯት? ኮምፒውተሩ ይልመድ እንጂ» ብላለች እሷ።

ዴቃም የፈረደችው ለዘነበች ነው። መጋዘኑን በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍላ፣ መጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚመለስ ክብ አደረገችው። ድራይቨሩ አንዱን ይሞላል፣ እዚህ ደርሻለሁ የሚል ምልክት ትቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፕሮግራሙ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ያነሳል፣ ይህን ጨርሻለሁ ብሎ እሱም ምልክት ይተዋል። ዝምታ የሚጠብቅ የለም፣ ባልተነሳ ዕቃ ላይም የሚጭን የለም። ለእኛ ለቤተሰቡ ሠራ። ድንኳን ሙሉ ሰው መሐል ግን አልተሞከረም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዴቃ ሽቦዬን አስተካክላ «ከዚህ በኋላ እጄ የለበትም አዴር» አለችኝና ከመጋረጃው ጀርባ ወደ ሴቶቹ ገባች። ሙሽራው ዋርሳን ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን በሹክሹክታ የሚያወራ ልጅ ነው፤ ያ አስፈርቶኛል። ዐብዲቃድር አጠገቤ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያያል። ሸኹ እጃችንን አጨባበጡን። «ሰጥቼሃለሁ» አልኩ። ድንኳኑ ዙሪያውን «ሃዬ፣ ሃዬ» እያለ እንደ ንብ ጥዝዝ አለ።

የዋርሳን ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ከከንፈሩ ጋር፣ ሳይቀድም ሳይዘገይ፣ «ቀቢልቱ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ተቀብያለሁ ማለቱ ነው። ቀጭን ነበር፣ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንቀጥቀጡን ሳይቀር ሰማሁት።

ሸኹ «ሰማህ?» አሉኝ።

«ሃዬ» አልኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከሴቶቹ መሐል፣ ዘነበች ተቀብላ «ሃዬ» አለች። እሷንም ሰማኋት።