ገርበብ

«አጥፊው አልኩሽ እኮ!»

«አጥፍቼዋለሁ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይኼ የሚታየኝ ምንድን ነው?»

ስፌተኛዋ ለለቀስተኛ ልታወጣው የነበረውን ወንበር እንደያዘች በሟች ወንድሟ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብላ ቀረች። ፀሐይ መጥለቋ ነው። መጋረጃው ተጋርዶ ክፍሉ ጨልሟል። ልጇ ሚጣ ከአልጋው ራስጌ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ደጋግማ ተጫነችው። ቀጭ ሲል ክፍሉ ቦግ ይላል። እንደገና ቀጭ ሲል ግን አምፖሉ ጨርሶ አይጨልምም፤ ጣሪያው ላይ ሆኖ፣ እንደ በሽተኛ ዓይን ደብዝዞ ቁልቁል ያያቸዋል።

«አጎቴ ነው?» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ! መብራት ነው።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ዓይኗን ከአምፖሉ ሳትነቅል፣ ወንበሩን እንደታቀፈች ወደ በሩ አፈገፈገች። ወንድሟ በሕይወት ሳለ ይህ መብራት ጥፋ ሲሉት ይጠፋ ነበር። እምቢ ማለት የጀመረው መርዶው የመጣ ዕለት ነው።

ሳሎን ውስጥ አክስቷ የሻይ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቋታል። ሁሉን ሰምተዋል።

«ነግሬሻለሁ። ያ ልጅ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

«አክስቴ፣ በሞቴ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

«ትስማ! እኔ እንደሆንኩ ልብሷን ቋጥሬያለሁ። ሐዘኑ ሲያበቃ ይዣት እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ ቤት ሕፃን አያድርበትም።»

የሚጣ ልብስ በነጠላ ተቋጥሮ ከሶፋው ሥር ተቀምጧል። ስፌተኛዋ ቋጠሮውን በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው። አንዱ የወንድሟ ነበር፤ ሌላው ሳሎንም፣ የስፌት መኪናዋ ማስቀመጫም፣ የእናትና የልጅ መኝታም ነው። አሁን ሳሎኑን ለቀስተኛ ስለያዘው ሚጣ ያላት የአጎቷ አልጋ ብቻ ነው። ልጇን ወስደውባት፣ ከዚያ መብራት ጋር ብቻዋን ስትፋጠጥ ታያት። አክስቷን እንዳትሟገት ደግሞ እሷም ያን ክፍል ፈርታዋለች።

የጭነት መኪና ሾፌሮቹ፣ የወንድሟ ባልደረቦች፣ ጥግ ይዘው ያወራሉ።

«ነብሮን የሚያስፈራ ነገር አልተፈጠረም» ይላል ጢሞ የሚሉት ሾፌር፣ ሟቹን በቅጽል ስሙ እየጠራ። «እኛ በቀን ዳዊት እየደገምን የምንወርደውን ቁልቁለት፣ እሱ በጨለማ እያፏጨ ነበር የሚወርደው።»

«ዝርክርክነቱ እንጂ!» አለ ሌላው ዝቅ ባለ ድምፅ። «መኪናውን ልናመጣ ብንሄድ ባትሪው ሙቶ ጠበቀን። የጋቢናውን መብራት ሳያጠፋ ነው ጋደም ያለው።»

«ነፍስ ይማርና፣ መቼ አስታውሶ ያውቃል!»

ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ስፌተኛዋ የሻይ ትሪ ይዛ ደረሰች። ሁሉም አቀረቀሩ። ሌሊት ደረቱን አሞት መንገድ ዳር እንዳቆመ፣ ጋደም እንዳለ እንዳልተነሳ ነግረዋታል። ፈርቶ ነበር ወይ ብላ ብትጠይቅ ግን ማን ይመልስላታል? ብቻውን ነበር።

እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ኮልታፋ ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት። ማታ ማታ አስተኝታው ልትወጣ ስትል «ገርበብ!» እያለ ይጮኽባት ነበር። በሩን ዝጊውም አይላት፣ ክፈቺውም አይላት። በኋላ ነው የገባት፤ በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ ስትለው ልጁ ገርበብ የሰው ስም መስሎታል። ደጃፍ ላይ ቆሞ ጨለማውን የሚያባርር ዘበኛ አድርጎታል።

«ገርበብ መጥቷል?» ይላል ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

«መጥቷል፤ በሩ ላይ ቆሟል።»

«ዱላ ይዟል?»

«ይኼን የሚያህል!»

አድጎ መሪ ጨብጦ፣ ነብሮ ከተባለ በኋላ አንድ ቀን «ገርበብን ረሳኸው?» አለችው። ከት ብሎ ሳቀ። «እትዬ፣ አሁን እኮ ጨለማው ነው እኔን የሚፈራኝ!» አመነችው።

በማግስቱ ከሰዓት ጎረቤታቸው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ፣ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ለቅሶ መጣች። እግዜር ያጥናችሁ ብላ ጥቂት ከተቀመጠች በኋላ ወደ ስፌተኛዋ ጆሮ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ ሚጣ ደጅ ላይ የነገረችኝን መብራት ልየው?»

«ይኼ በሠራተኛ የሚድን አይደለም፤ ጸሎት ነው የሚፈልገው» አሉ አክስት።

«ጸሎቱን እርስዎ ይያዙልኝ፤ እኔ መሰላሉን እይዛለሁ።»

መጀመሪያ አምፖሉን ነቅላ ከቦርሳዋ ሌላ ገጠመች። አበራች፤ አጠፋች። አዲሱም ደብዝዞ ቀረ። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ሄደ።

«አምፖሉ አይደለም። ማጥፊያው የተሳሳተው ሽቦ ላይ ገብቶ ከሆነ መጥፎ ነው። ጠፍቷል ብለሽ አምፖሉን ስትነኪ ኤሌክትሪኩ እዚያው ይጠብቅሻል።»

ስፌተኛዋ ሚጣን በትከሻዋ ጎትታ ወደ ራሷ አስጠጋቻት። ትናንት ልጅቷ አልጋው ላይ ቆማ፣ በመጥረጊያ እንጨት አምፖሉን ልትነካው ስትንጠራራ ነበር የደረሰችባት።

ሠራተኛዋ ቆጣሪው ጋ ሄዳ ከዋናው አጠፋች። ማብሪያ ማጥፊያውን ከግድግዳው ፈታች። ተመልሳ ከዋናው አበራችና በቴስተር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሞከረች።

«ሽቦውስ ትክክል ነው» አለች። ቀጥሎ ማጥፊያው ላይ ያለችውን የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት በጥፍሯ ነካ አደረገች። «ይቺን ማን አስገባት?»

«እሱ ነው። ድሮ ማጥፊያው በሩ ጋ ነበር። ወደ ትራሱ ሲያዛውረው ምነው ብለው፣ ‹ስንፍና ነው፣ እትዬ፤ መነሳት ይሰለቸኛል› አለኝ።»

«ነገሩ እሷ ናት። መብራቱ ሲጠፋ እሷ የምትበራው፣ በአምፖሉ በኩል በሚያልፍ ጭላጭ ኤሌክትሪክ ነው። የድሮው አምፖል ጭላጭ ከቁም ነገር አይቆጥርም። እነዚህ አዲሶቹ ኤል ኢ ዲ ግን እንደ ድሃ ልጅ ናቸው፤ ጭላጭም ትበቃቸዋለች። አምፖሉ የተቀየረው መቼ ነው?»

«መርዶው ዕለት። የድሮው ተቃጥሎ ከሱቅ አዲስ ገዝተው ገጠሙልን።»

«አበቃ። ሟች የለበትም።»

አክስት ግን አልረኩም። «ታዲያ ትራስ ሥር ቀይ ፍሬ ምን ይሠራለታል?»

«እኔ እንጃ፣ እማማ። መብራት ሲጠፋ በጨለማ የምትታይ ናት። ጨለማ የሚፈራ ሰው ያስገባታል።»

«ነብሮ? ጨለማ?» አክስት ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ። የስፌተኛዋን ፊት ሲያዩ መልሰው ገጠሙት።

እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ባትሪው ሙቶ ጠበቀን፤ የጋቢናውን መብራት ሳያጠፋ። ሻይ ይዛ ስትደርስ ሾፌሮቹ ረሳው ሲሉ ሰምታለች።

«አልረሳውም» አለች። ሠራተኛዋም ሚጣም ዞረው አዩዋት። «ሆን ብሎ ነው የተወው። ፈርቶ ነበር።»

ሠራተኛዋ ከቦርሳዋ ፒንሳ አወጣች። «ፍሬዋን ቆርጬ ላውጣት፣ እትዬ? አምፖሉ ድርግም ይላል።»

«አዎ፣ ትውጣ!» አሉ አክስት።

ሚጣ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። «አጎቴ ይፈራ ነበር?»

«ይፈራ ነበር።»

«ከኔ ይበልጥ?»

«ከአንቺ ይበልጥ።»

ልጅቷ ጣሪያውን አየች፤ ቀዩን ፍሬ አየች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣችና የአጎቷን ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ሳበችው።

«አታውጪያት» አለች።

አክስት ቆመው አዩዋት። ቀስ ብለው ወደ ሳሎን ወጡ፤ ከሶፋው ሥር ነጠላው ሲፈታ ተሰማ።

አመሻሹ ላይ ስፌተኛዋ ማጥፊያውን ተጫነች። አምፖሉ ደብዝዞ ቀረ። አሁንም አልለመደችውም፤ ጀርባዋን ሰጥታው ለመውጣት ፈራችና የኋሊት ወጣች። በሩን ሳበችው፤ ሊዘጋ ሲል ያዘችው። ትናንት ይዛው የቆመችውን ወንበር አምጥታ ክፍተቱ አጠገብ አስቀመጠችና፣ የጨርቅ መለኪያ እንጨቷን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀመጠች።