ከሃያ ሁለት ወደ አሥራ ስምንት

«አባባ፣ ተሳስተው ይሆናል» አለኝ የጎማ ቸርኬ ሻጩ። «ሰው የሚሄደው ከአሥራ ስምንት ኢንች ወደ ሃያ ሁለት ነው። እርስዎ የሚሉኝ እኮ የኋልዮሽ ነው።»

አልተሳሳትኩም። ዕድሜ ልኬን በሕንፃ ተቆጣጣሪነት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ቁጥር አልስትም። የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የተንጋደደ ምሰሶ፣ ውሃ የበዛበት ሲሚንቶ ከሩቅ ይታየኛል፤ ያየሁትን ከመናገርም ወደኋላ ብዬ አላውቅም። ይሄ ልጅ ግን የሱቁ ስም ደረቱ ላይ የተጻፈበት ሸሚዝ ስለለበሰ ብቻ ስለ መኪናዬ ከእኔ በላይ የሚያውቅ መስሎታል።

«ትልቁ ይውጣልኝ፣ ትንሹ ይግባልኝ ነው ያልኩህ። ምኑ ነው ያልገባህ?»

«ገብቶኛል አባባ። ግን ይቺን የመሰለች መኪና...» አለና በመስታወቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ጥቁሯ መኪናዬ ደጃፉን ሞልታ ቆማለች። «እንዴት ልበልዎት፣ የሕፃን ጫማ ያጠለቀ ወጠምሻ ነው የምትመስለው።»

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቸርኬ ተሰቅሎበታል። ጥቁሩ፣ ብርማው፣ ነሐስ የሚመስለው፣ ጠርዙን ቀይ የተቀባው፣ ሁሉም ከሃያ ኢንች በላይ ነው። ትንንሾቹን ፈልጌ ፈልጌ አጣኋቸው። ለካ መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ካርቶን ተከምሮባቸዋል። እስኪያወጣልኝ ድረስ ቁጭ ይበሉ ተባልኩ፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ይበሉ የሚለኝን ሰው አልወድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ወልዳለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጃችን ናት፤ ያለጊዜዋ ስለመጣች ከቤት እንዳትወጣ ተብሏል። እነሱ የሚኖሩት በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው ነው። ስለዚህ መሄድ ያለብን እኛ ነን፤ ሚስቴ ግን መሄድ አልቻለችም። ከወራት በፊት ጀርባዋን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ሐኪሟ «አሁን ድነሻል፣ መንገድም ትችያለሽ፤ ብቻ ሰውነትሽን አትወጥሪው» ካላት ሰንብቷል። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ተነስተን ሁለቱንም ጊዜ ገና ከከተማው መውጫ ሳናልፍ ተመለስን። የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ «ይሄ መኪና ያንገጫግጨኛል፤ አልቻልኩም፣ መልሰኝ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስልኳን ይዛ ጓዳ ትገባና የሕፃኗን ፎቶ ስታሳድገው ስታሳንሰው ትውላለች። «ሳቀች እኮ» ትለኛለች። «ሳቅ መጀመሯ ነው።» እንዲህ ስትለኝ አንጀቴን ትበላዋለች። ሕፃን ቆማ አትጠብቅም። ሚስቴ ሳታያት ብትድህ፣ ሳታያት ብትቆም፣ ያንን መልሶ የሚሰጣት ማነው?

እንግዲህ ጥፋቱ የመኪናው ከሆነ፣ መኪናውን ለዚህ ያበቃው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ቱርቦ ነው።

ቱርቦ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ቢሆንም እሷም ራሷ ረስታዋለች። እሱ ራሱ የሚነዳው ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ መኪና ነው፤ ከሱ ለመውረድ ሰው መርዳት አለበት። እኔ ጡረታ ወጥቼ ይቺን መኪና የገዛሁ ሰሞን «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ መኪና እንደመጣ አይነዳም» እያለ ሲለማመጠኝ ከረመ። ልቤ ለስልሶ ስለነበር እሺ አልኩት። ሃያ ሁለት ኢንች ቸርኬ አስገባ። ቸርኬው ሲያድግ ጎማው ይሳሳል፤ ስለዚህ በእኛና በመንገዱ መካከል የቀረው ጎማ ስስ ሆነ፣ ጠጠር ሲረገጥ ጥርሴ ላይ ይሰማኝ ጀመር። ሞላውን አውጥቶ አጭርና ድርቅ ያለ የውድድር ሞላ አስተከለ። ፍሬኑን ትልቅ አደረገ። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ቀየረና መምጣት መሄዴን ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አደረገ። ይሄን ሁሉ አድርጎ ሲጨርስ «አሁን መኪና ሆነች» አለኝ።

ከሱቁ ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት።

«አንተ ባመጣኸው ጣጣ እህትህ የልጅ ልጇን ሳታይ ልትቀር ነው!»

«ጋሼ፣ ችግሩ የቸርኬው አይመስለኝም። እንዲያውም ሃያ ሦስት ብናደርጋት...»

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ሻጩ በመጨረሻ ሦስት ዓይነት ቸርኬ አምጥቶ ወለሉ ላይ ደረደረልኝ። አንደኛው የሚያብረቀርቅ ነው፤ ዘንጎቹ ቀጫጭን ስለሆኑ አላመንኳቸውም። ሁለተኛው ሲያነሱት ወገብ ይቆርጣል። ሦስተኛው መልኩ የዝናብ ሰማይ የመሰለ፣ ምንም ጌጥ የሌለው፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ነው። «እሱ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ሞላው አይደክምም፣ ጉድጓዱን ቶሎ ዋጥ ያደርገዋል። መልኩ ግን...» ብሎ ፊቱን አጨማደደ። ለመልኩ አልመጣሁም አልኩት። ወፋፍራም ጎማ አልብስልኝ፣ ዛሬውኑ ይገጠም አልኩ። ደስ አለኝ፤ ሚስቴ ከጎኔ ተቀምጣ ስታንቀላፋ ከወዲሁ ታየችኝ።

ደስታዬ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልቆየም። መካኒኩ መኪናዋን በማንሻው ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ቡሎኖቹን ፈትቶ፣ ትልቁን ቸርኬ አውርዶ ትንሹን ሲያስጠጋው አልገባም። ገፋው፤ አልገባም። አዙሮ ሞከረው፤ ያው ነው።

«ምንድነው?» አልኩ።

«የፍሬኑ ብረት ነው» አለ፣ ዲስኩን ቆንጥጦ የያዘውን ቀይ ብረት በጣቱ እየመታ። «ትልቅ ነው፣ ቸርኬውን ከውስጥ ይነካዋል። ይሄ ፍሬን ከሃያ ኢንች በታች አይቀበልም።»

«ይሞረድልኝ!»

«ፍሬን አይሞረድም አባባ» አለኝ፤ ከሻጩ ጋር ተያይተው ሳቃቸውን ሲውጡ አየኋቸው። ደሜ ፈላ። እነዚያ ቀይ ብረቶች የቱርቦ ምርጫ ነበሩ፤ «በቸርኬው ቀዳዳ ብልጭ ሲሉ ያምራሉ» ብሎ ነበር። ያምራሉ! እነሱ እንዲያምሩ ነው ሚስቴ ጓዳ የተቀመጠችው።

እንደገና ደወልኩለት። «የድሮው ፍሬን የት ገባ?»

«አስቀምጬዋለሁ» አለ። የድሮውን ሞላም፣ የድሮውን ማርሚታም ከደረጃ ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጧቸው ኖሯል። ለምን እንዳስቀመጣቸው አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀው አመሰግነው ይሆናል፣ ማመስገን ደግሞ አልፈለግኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው «ነገ ይምጡ» ነው። በነጋታው ስሄድ ልክ የሆነው ጎማ አልደረሰም። በማግስቱ ጎማው ሲመጣ ቡሎኖቹ አጠሩ። ቡሎን ሲገኝ መካኒኩ የለም። መካኒኩ ሲመጣ ማንሻው ላይ የሌላ ሰው መኪና ተሰቅሏል፤ እሱስ ምን እያስገባ ነበር? ሃያ ሁለት ኢንች! ባለቤቱ ልጅ እግር ነው፣ ስልኩን ደግኖ ቸርኬውን ይቀርጻል። «ቆይ ታየዋለህ፣ ጥርስህን ያረግፈዋል» አልኩት። ፈገግ ብሎ እኔንም ቀረጸኝ።

ሞላው፣ ፍሬኑና ማርሚታው የተቀየሩ ቀን ቱርቦ ራሱ መጥቶ ነበር። የተከመረ ጎማ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ ሲፈቱ ያያል። ቅስሙ እንደተሰበረ ያስታውቃል፤ እኔ ግን አልራራሁለትም።

«ማርሚታውንስ ብንተወው? እሱ እኮ አያንገጫግጭም» አለ በትንሽ ድምፅ።

«ይውጣ!»

ወጣ። መኪናዋ ስትነሳ እንደ ድመት ሆነች። ቤት ይዣት ገባሁና ሚስቴን በር ላይ ጠራኋት። ዞር ዞር ብላ አየቻት፤ ግራጫውን ቸርኬ፣ ወፍራሙን ጎማ፣ ከፍ ያለ ቁመናዋን። «ይሄን ሁሉ ለእኔ ብለህ?» አለችኝና ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንድ ነገር ልትለኝ ፈልጋ እንደተወችው ታወቀኝ፤ ደስታ መስሎኝ አለፍኩት። በማግስቱ ለመሄድ ተስማማን። «ወንድሜም ይምጣ» አለች። ቁጣዬ በርዶ ደስ እንዳለኝ ለማሳየት «ይምጣ» አልኩ።

ጠዋት ተነሳን። ሚስቴ ከጎኔ፣ ቱርቦ ከኋላ ለሕፃኗ ከያዝነው የዳይፐር ካርቶን ጋር። መኪናዋ! መኪናዋማ ትንሳፈፋለች። ድሮ ከወንበር የሚያነሳን የባቡር ሐዲድ ከሥራችን መኖሩ እንኳ ሳይታወቀን አለፈ።

«አየሽ? አየሽ አይደል?» አልኳት። «እነዚህ ሰዎች ግን ሐዲድና አስፋልት ሲያገናኙ ደረጃ የሚሠሩት ምን ነክቷቸው ነው? ያዢ! ያዢ ጉድጓድ መጣ! ተመልከቺ እስቲ፣ ሕዝብ በሚሄድበት መሀል መንገድ ላይ! ይሄን አሠርቶ የተረከበውን ሰው ነበር እዚያው ውስጥ መቅበር! አንተ ባለ ጭነት፣ ውጣልኝ ከፊቴ! ያዢ፣ ሌላ!»

ጉድጓዶቹ ከሥራችን እንደ ፍራሽ እየተረገጡ ያልፋሉ። ወደ ሚስቴ ዞር ስል ግን እጇ አሁንም እጀታው ላይ ነው። ጣቶቿ ነጥተዋል። ከከተማው መውጫ ስንደርስ፣ ያው ቦታ ላይ፣ «አቁም» አለች።

ዳር ያዝኩ። 

«አመመሽ?»

«አዎ።»

«አሁንም? አሁንም ያንገጫግጫል?» ወርጄ የፊት ጎማውን በእግሬ መታሁት። በመስኮቱ በኩል ተመለስኩ። «አየር በዝቶበት ይሆናል። ትንሽ እናስተነፍሰው። ካልሆነ ወንበሩን አስቀይራለሁ፣ ስፖንጅ ያለው...»

«ጋሼ» አለ ቱርቦ ከኋላ፣ «መኪናዋ ምንም አልሆነችም።»

«አንተ ዝም በል!»

«እሱን ተወው» አለች ሚስቴ። ድምጿ ደክሟል። «መኪናው አይደለም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«አንተ ነህ።» እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ እነሱን እያየች ተናገረች። «ጉድጓድ ስታይ ትጮሃለህ። መኪናው ጉድጓዱ ጋ ሳይደርስ እኔ ቀድሜ እደርሳለሁ። ‹ያዢ› ስትለኝ ጀርባዬ ድንጋይ ይሆናል፤ ጉድጓዱ ካለፈም በኋላ አይለቀኝም፣ ሌላ እስክትጮህ እጠብቃለሁ። የሚያመኝ እሱ ነው።»

«መኪናው ያንገጫግጨኛል ያልሽኝ አንቺ ነሽ እኮ!»

«አንተን ምን ልበልህ? ቤታችን ውስጥ አንተን ደፍሮ የሚናገርህ ማነው? ሬዲዮው ጮኸብኝ ስልህ ሬዲዮውን አስጠገንከው። በሩ ያስደነግጠኛል ስልህ ማጠፊያውን ቀየርክ። የጠረጴዛው መስታወት ተንቀጠቀጠ ስልህ ጠረጴዛውን ሸጥከው። ዕቃው ሁሉ ዳነ።»

ሬዲዮውን አስጠግኜዋለሁ። በሩንም። ጠረጴዛውንም። ባለሙያው ሬዲዮው ምንም እንዳልሆነ ሲነግረኝ ሥራውን የማያውቅ ነህ ብዬ ሰድቤው ነበር። ተናደድኩ፤ አፈርኩ፤ የትኛው እንደቀደመ እንጃ። ስንት ቀን ስመላለስ፣ ስንት ሰው ስቆጣ፣ የዚያን ምስኪን ጌጥ አንድ በአንድ ሳስፈታ ቁጭ ብላ አየችኝ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ቱርቦ ምንም እንዳልሰማ ሰው በሌላኛው መስኮት ሜዳውን ያያል።

«እሺ» አልኩ። «ከአሁን በኋላ አልናገርም።»

«አትችልም» አለች። ክፋት የለባትም፤ ስለ አየሩ እንደምትናገር ነው ያለችው። «መንገዱ ከታየህ አትችልም። ወንድሜ ይንዳ። አንተ ከኋላ ተቀመጥና በጎን በኩል እይ።»

ቁልፉን ሰጠሁት። ከዳይፐር ካርቶኑ አጠገብ ተሸጉጬ ተቀመጥኩ። ቱርቦ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ፣ መሪውን በአንድ እጁ ያዘ፣ እያፏጨ መንዳት ጀመረ። ብዙ ሳንርቅ የጉድጓዶች ሁሉ አባት የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ሳያየው ዘው አለ። እኔ አይቼዋለሁ፤ በጎን በኩል እይ ብባልም አይቼዋለሁ። ከንፈሬን ነከስኩ። መኪናዋ ዝቅ ብላ ከፍ አለች።

«ወይ አንተ! ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?» አለች ሚስቴ፤ ሳቀችም። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም። ቱርቦም አብሯት ሳቀ። ትንሽ ቆይታ አንገቷን ወደ መስታወቱ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እሱ ጉድጓዱን ሁሉ እየረገጠ፣ እኔ ምላሴን እየዋጥኩ መንገዱ ተጋመሰ።

ነቃ ስትል ልጃችን ደወለች። ሚስቴ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«የት ደረሳችሁ እማዬ? ጀርባሽስ?»

«ደህና ነኝ፤ ተኝቼ ነበር እኮ። ለመድረስ ትንሽ ነው የቀረን።»

«ተኛሽ? መኪና ውስጥ?» አለች ልጄ በደስታ፤ ከዚያ ድምጿ ተቀየረ። «አባዬስ? አብሯችሁ የለም እንዴ?»

«አለ። ከኋላ ተቀምጧል።»



«ዝም አለ እኮ» አለች ልጄ፣ ከልቧ ደንግጣ። «ምን ሆነ? አመመው እንዴ?»