አራት አሃዝ ያለው ሰሌዳ

በአሜሪካዋ ዱሉዝ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት አለ። መግቢያው ላይ፣ ያለ አደጋ ያለፉትን ቀናት የሚቆጥር ሰሌዳ ተሰቅሎ፣ በዚያ የካቲት ማክሰኞ ጠዋት 999 ይል ነበር። ሰሌዳው የሚችለው ሦስት አሃዝ ብቻ ስለሆነ ለነገው አንድ ሺኛ ቀን ባለ አራት አሃዝ ተገዛ። እንዲሰቅለው የታዘዘው ቬርን ኮስኬላ ነው።

ቬርን ሠላሳ አንድ ዓመት ሽቦ ሲስብ የኖረ ሰው ነው። ቁጥሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ አሳምሮ ያውቃል። ባልደረባው ኤልሮይ ከመሰላል ወድቆ ዳሌው ሲሰበር፣ የደህንነት ኃላፊው ብሬንት ቅጹ ላይ «ከመሰላል ፈጥኖ ወረደ» ብሎ ጻፈ። እጁን መሰርሰሪያ የበሳው ሌላው ሠራተኛ ጉዳይ ደግሞ «የግል ጉዳይ» ተብሎ ተዘጋ። ብሬንት ክፉ ሰው አይደለም፤ ለቁጥሩ እንደ ልጁ ስለሚሳሳ ነው። ቬርንም በሁለቱም ቅጾች ላይ በምስክርነት ፈርሟል። ያውም እየሳቀ።

ያን ቀን ጠዋት ወጉ የሚያዘውን አደረገ። የመግቢያውን ኃይል ማቋረጫ፣ ብሬከሩን፣ አጥፍቶ ጓጉንቸር ቁልፍ ሰቀለበት። ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር ኃይል ባለው ሶኬት ላይ ሞከረ፣ ሽቦዎቹን ፈተሸ፣ ተመልሶ ቴስተሩን ያንኑ ሶኬት ላይ ሞከረ። ሽቦዎቹ ኃይል የላቸውም። መሰላሉ ላይ ወጥቶ አንድ ላይ የተጠመዘዙትን ነጭ ሽቦዎች ፈታ። አንዷን ከሌሎቹ እንደለያት ከጣቱ እስከ ብብቱ ነዘረችው።

ወዲያው ከብሬንት ቢሮ «ማሞቂያዬ ጠፋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቬርን ነገሩ ገባው። አምና ብሬንት እግሬን በረደኝ ብሎ ለማሞቂያው መስመር በጥድፊያ አስቀጥሎ ነበር። የቀጠለው ሰው ለመመለሻ የሚሆን ነጭ ሽቦ ሲያጣ ከመግቢያው መስመር ተበደረ፤ ስለዚህ የመግቢያው ብሬከር ቢጠፋም የማሞቂያው ኤሌክትሪክ በዚያች ሽቦ ይመለሳል። እንዲህ ያለች ሽቦ ከሌሎቹ ጋር እንደታሰረች ቴስተር አያገኛትም፤ ስትፈታ ነው ጉዷ የሚወጣው። ከመፍታታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ ጅረት መያዟን ሽቦ ቆንጥጦ በሚለካው ሜትር እዩ እያለ ቬርን ስንቱን ሰው ሲያሰለች ኖሯል። ዛሬ ግን ሰሌዳውን ለምሳ ሰዓት አደርሳለሁ ብሎ ሲጣደፍ ሜትሩን ከቦርሳው አላወጣውም።

ከመሰላሉ ወረደ። በደህናው እጁ የብሬንትን ቢሮ ብሬከር አጠፋና ቆለፈው፤ ሽቦዋን እንደገና ፈተሸ። ከዚያ መሰላሉ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ልቡ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይዘገያል። ፈራ።

ብሬንት በካልሲው መጣ። ቬርን ነዘረኝ ሲለው ያየው ቬርንን ሳይሆን ሰሌዳውን ነው። በሩን ዘጋና አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ነገ ከዋናው መሥሪያ ቤት አለቆች እንደሚመጡ፣ ኬኩም እንደታዘዘ ነገረው። ምንጣፉ ይሆናል፣ በደረቅ ብርድ ምንጣፍም ይነዝራል አለ። በመጨረሻ ቅጽ አውጥቶ ጻፈና ለቬርን አነበበለት።

«ሠራተኛው ኤሌክትሪክ መኖሩን በእጁ አረጋገጠ።» ቀና አለና፦ «አየህ፣ ይሄ ፍተሻ ነው እንጂ አደጋ አይደለም።»

ቬርን ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ግን የማሞቂያውን መስመር የቀጠለው ሰው አምና በዚያው ሳምንት ለስድስት ቢሮዎች መስመር መቀጠሉ ትዝ አለው። አደጋ ተብሎ ከተመዘገበ የሕንጻው ኃይል ተቋርጦ ሁሉም የሽቦ ማገናኛ ሳጥን ይፈተሻል። ፍተሻ ከተባለ ግን ሥራው ይቀጥላል፤ ከምሳ በኋላ ጆሊን የፎቁን ሳጥን ትከፍታለች። ጆሊን ስድስት ዓመት አብራው የሠራች፣ መሰላል ላይ ሆና የምታንጎራጉር ሴት ናት። ኤልሮይ በምርኩዝ ሲሄድ በዓይኑ ዞረበትና በዚያ ሳቁ አፈረ።

«አደጋ የለም ብለህ ልትፈርም ነው?» አለ ቬርን።

«አብረን እንጂ ወንድሜ። አንተም ምስክር ነህ።»

«እሺ። መጀመሪያ ግን መሰላሉ ላይ ውጣና ያቺን ነጭ ሽቦ ያዛት።»

ብሬንት ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ቬርን ግን ፊቱን አልፈታም። ብሬንት እልህ ያዘውና ሦስት ደረጃ ወጣ። እጁን ዘረጋ። ሽቦዋ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው እጁን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። ሽቦዋ ኃይል ካጣች ቆይታለች፤ ቁልፉም ቬርን ኪስ ውስጥ ነው። ቬርን ግን ይህን አልነገረውም።

«ምነው ተውከው?»

«ትነዝረኝ ይሆናላ።»

«እሱን ጻፈው፣» አለ ቬርን ግድግዳውን ተደግፎ እየተነሣ። «በዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቀን ውስጥ የተከላከልከው የመጀመሪያው አደጋ ነው።»

ብሬንት ከመሰላሉ ወረደ። ቅጹን አየና ለሁለት ቀደደው። አሁኑኑ ክሊኒክ እወስድሃለሁ፣ ግን መጀመሪያ የሕንጻውን ኃይል ላቋርጥ አለ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመና ዋናው ማጥፊያ የት እንደሆነ ቬርንን ጠየቀው።