አስራ አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር

ጡረተኛው የከባድ መኪና ሹፌር በሰላሳ አራት ዓመት ሥራቸው ርቀትን የሚያውቁት በወገባቸው ነበር። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ለእሳቸው ሁለት ቀን፣ አንድ የፈነዳ ጎማና የደነዘዘ ትከሻ ማለት ነው። ስለዚህ ባሕር ማዶ የምትኖረው ልጃቸው፣ «አባዬ፣ አስራ አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ በአስራ ሦስት ሰዓት ተኩል ትደርሳለህ» ስትላቸው ሳቁባት።

«ዜሮ ጨምረሻል» አሏት።

የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ሊጠይቋት ተነሱ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ አውሮፕላኑ በር ላይ ተሰልፈው ሳለ አማቻቸው ደወለ።

«አባባ፣ አይደንግጡ። ምጥ ይዟታል፤ ሆስፒታል ገብተናል።»

«ቀኗ መች ደረሰና?»

«እኛም አልጠበቅንም።»

ከጀርባው የልጃቸውን ማቃሰት ሰሙ። ስልኩን አጥፍተው ገቡ።

ፊት ለፊታቸው ባለው ስክሪን ላይ ትንሽዬ አውሮፕላን ካርታ ላይ ትሳባለች። ከጎኗ «890» ይላል። አስተናጋጇን ጠሯት።

«ልጄ፣ ይሄ ፍጥነቱ ነው?»

«አዎ አባባ፣ በሰዓት።»

ውሃ የያዘውን ብርጭቆ አዩት። ውሃው ንቅንቅ አላለም። በመስኮት ቁልቁል ሲመለከቱ ዳር የሌለው በረሃ ተዘርግቷል። እንዲህ ያለውን በአራት ቀን ነበር የሚያቋርጡት፤ አሁን በሃምሳ ደቂቃ ከኋላቸው ቀረ።

ሰዓታቸው የማታ ሦስት ሲል ውጪው ገና ቀትር ነበር። ሰዓቱ የተበላሸ መስሏቸው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት።

«ወደ ምዕራብ ስለምንበር ነው» አለች አስተናጋጇ። «ከፀሐይ ጋር አብረን እየሄድን ነው።»

እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ስለ ልጃቸው እየጸለዩ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ፣ በዚያው ቀን ብርሃን፣ በአገሩ ሰዓት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አረፉ።

አማቻቸው ጺሙ አድጎ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ መውጫው ላይ ጠበቃቸው።

«ሴት ናት። ሰባት ሰዓት ላይ ተወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ሹፌሩ ሻንጣቸው ላይ ቁጭ አሉ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሊያርፉ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀራቸው፣ የት እንደነበሩ ያውቃሉ። ማንም ያልረገጠው የሚመስል ነጭ ተራራ ከበታቻቸው ያልፍ ነበር፤ እሳቸውም ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ነበር። የልጅ ልጃቸው ወደዚህ ዓለም ስትመጣ አያቷ ሰማይ ላይ ነበሩ። እንባቸው መጣ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ልጃቸው በደከመ ድምፅ፣ «መንገዱ እንዴት ነበር፣ አባዬ?» አለች።

«መንገድ የለውም እኮ» አሉ በሹክሹክታ። «ምንም መንገድ የለውም።»

የተኛችውን ሕፃን ሲሰጧቸው እነዚያ ሰላሳ አራት ዓመት መሪ የጨበጡ እጆች ቀስ ብለው ተቀበሏት። ፊቷን እያዩ ተቀመጡ፤ እስክትነቃም ማንም አልወሰደባቸውም።