የዛሪማው ፍቺ

ዳኛው ቀጠሮ ሰጥተው ወደ ሌላ መዝገብ ሲያልፉ ጥበብ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ችሎት አስከባሪው ትከሻዋን ነካ አድርጎ ቦታ እንድትለቅ ሲነግራት ነው የነቃችው። ውጭ ስትወጣ የአጎቷ ጠበቃ በሩ አጠገብ ስልክ እያወራ ነበር፤ አየት አድርጓት ፊቱን አዞረ። ያ ሰው ቅድም ዳኛው ፊት ቆሞ "ጥበብ ክንዴ" ብሎ ጠርቷታል። በዕድሜዋ እንዲያ ብሎ የጠራት ሰው የለም። ጥበብ ሀብተ ሚካኤል ናት፤ የአናጢው የሀብተ ሚካኤል ልጅ፣ ዳባት ገበያው አጠገብ ባለው የአባቷ ቤት ልብስ እየሰፋች ከእናቷ ጋር የምትኖር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ በዓቢይ ጾም አረፈ። አርባው ከወጣ በኋላ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት አቤቱታ ስታስገባ ድረስ የሚባለው አጎቷ ተቃወመ። ቤቱ የተሠራው በአባታችን ቦታ ላይ ነው፣ ወንድሜ ደግሞ ልጅ የለውም አለ። የለውም የሚያሰኘውን ምክንያት ያገኘለት ጠበቃው ነው። የጥበብ እናት አመተ ማርያም ሀብተ ሚካኤልን ከማግባቷ በፊት ዛሪማ ላይ ክንዴ የሚባል ሰው አግብታ ነበር። ያ ጋብቻ በሕግ መፍረሱን የሚያሳይ ውሳኔ ካልቀረበ፣ ጥበብ ስትወለድ እናቷ ገና የክንዴ ሚስት ነበረች ማለት ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ ደግሞ የባልየው ልጅ ነው ተብሎ ይገመታል። ዳኛው የፍቺውን ውሳኔ አምጪ ብለው ቀጠሩ።

ቤት ስትደርስ እናቷን ምስር ስትለቅም አገኘቻት። ጥበብ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። አመተ ማርያም እጇን ከሰፌዱ ላይ ሳታነሣ ሰማቻትና፣ "ተይው፤ አትፈልጊ" አለች።

"እንዴት ነው የምተወው?"

አመተ ማርያም ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገች። ከዚያ ጥበብ ሰምታው የማታውቀውን ነገር ቀስ እያለች ነገረቻት። ዛሪማ አምስት ዓመት ስትኖር ልጅ አልመጣም። አማቷ ነጋ ጠባ ታጉረመርማለች። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አለያዩዋቸው፤ እሷም አውራ ጣቷን ከወረቀት ላይ አሳርፋ ወደ ወላጆቿ ወደ ዳባት ተመለሰች። ክንዴ የሽማግሌዎቹን ቃል ፍርድ ቤት ወስጄ አጸድቀዋለሁ ብሎ ነበር። ይውሰደው አይውሰደው ግን አንድም ቀን አልሰማችም። ዘመኑም ክፉ ነበር፤ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው፣ ከዛሪማ ወሬ የሚያመጣ መንገደኛ አልነበረም።

"ለአባትሽ ፈትቻለሁ አልኩት። እሱም አመነኝ" አለች። "እኔ ግን ስፈራ ነው የኖርኩ። አሁን ፈልገሽ ያጣሽው እንደሆነ፣ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል።"

ጥበብ በማግስቱ ገና ሳይረፍድ የዳባት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በር ላይ ነበረች። የዛሪማ ጉዳይ በዚያ ዘመን በሰሜን አውራጃ ሥር ይታይ ስለነበር ደባርቅ ሂጂ አሏት። ደባርቅ ሄደች። ጭጋጉ ከተማውን ውጦት ነበር፤ ከግቢው በር ላይ ጥላ ዘርግቶ ለተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ አስጻፈችና ከዳባት ከተሰጣት ደብዳቤ ጋር ይዛ ገባች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እንዳለው ይባላል፤ ቁጥብ ግን ሰው የማያመናጭቅ ጎልማሳ ነው። ዓመቱን ጠየቃት። ከሰማንያ እስከ ሰማንያ ሦስት ባለው ውስጥ ይሆናል አለችው። አመልካቹ ማን ነበር? አላወቀችም። የክንዴንና የእናቷን ስም ከነአባታቸው ሰጠችው።

ነገ ነይ አላት። በነጋታው መጣች፤ አላገኘውም። በእናትየው ስም ደግሜ ልየው፣ ተመለሺ አላት። ጥበብ ዳባትና ደባርቅ መሐል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ተመላለሰች። ቤት ስትገባ ቁጭ ማለት አቃታት። ለመስቀል ያዘዘቻትን ሴት ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታው ፈታችው፣ ደግማ ገልብጣ ሰፋችው። እናቷ የት ውለሽ መጣሽ ብላ አትጠይቅም፤ ፊቷን ብቻ አይታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ማታ ማታ ጥበብ የአባቷን መጋዝና መላጊያ ከግድግዳው ላይ እያወረደች ትወለውላለች፤ ወልውላም ትሰቅላለች።

አንድ ቀን እንዳለው ከቆመበት ወጥቶ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

"መዝገቡ የለም ማለቴ አይደለም" አላት። "በነዚህ ስሞች የተከፈተ የለም ነው የምልሽ። ሌላ ሰው ከፍቶት ሊሆን ይችላል። እሱን የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቂና ተመለሺ።"

የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው።

ለእናቷ ሳትናገር ወደ ዛሪማ የሚወርድ መኪና ተሳፈረች። ሊማሊሞን ሲጠማዘዙ አጠገቧ ያለች ሴት ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች፤ ጥበብ ግን ገደሉን አላየችውም። ስለዚያ ሰው ነበር የምታስበው። ምን ብላ ትጀምር? ከዚህ በፊት በዓይኗ አይታው የማታውቀውን ሰው፣ አባቴ አለመሆንህን መስክርልኝ ተብሎ ይለመናል? ከላይ የነበረው የደጋ ብርድ ቀርቶ ሙቀቱ ፊቷን ሲመታት ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

ክንዴን ለማግኘት አልተቸገረችም። ከመንገዱ ገባ ብሎ ካለ ቤት ደጃፍ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠፍር አልጋ ይጠፍራል። ረዥም፣ የከሳ፣ ጢሙ ነጭ የሆነ ሰው ነው። ሰላምታዋን ተቀብሎ የአገር ሽማግሌ ሁሉ እንደሚጠይቀው ጠየቃት።

"የማን ልጅ ነሽ?"

ጥበብ የአባቷን ስም ልትጠራ ብላ ተወችው። "የአመተ ማርያም" አለች በመጨረሻ።

ክንዴ ወስፌውን አስቀመጠ። ውኃ አስመጣላትና እስክትጠጣ ጠበቀ። ጉዳዩን ስትነግረው አላቋረጣትም። ጨርሳ ዝም ስትል ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"እኔ ምንም ባልናገር፣ አንቺ ልጄ ነሽ ማለት ነው?"

"ሕጉ እንዲያ ብሎ ነው የሚገምተው፣ አባባ።"

ተነሥቶ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ሜዳው ቆመ። ከዚያ፣ ለሷ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ፣ ሁለተኛ ሚስት እንዳገባ፣ ከሷም ልጅ እንዳልወለደ፣ እሷም እንደሞተችበት ተናገረ። አመተ ማርያም ዳባት ሴት ልጅ ወለደች የሚለውን ወሬ የሰማው ዛሪማ ገበያ ላይ ነበር። ጥፋቱ የሷ እንዳልነበረ ያን ቀን ገባው። ለእናቱ ግን አልነገራትም፤ አማትየው ምራቷን መካን እንዳለች ሞተች።

ወደ ደባርቅ የሚወጣው የመጨረሻው መኪና ጡሩንባውን ሲያሰማ ጥበብ ብድግ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ክንዴ አሁንም ጀርባውን እንደሰጣት ነው። ልትለምነው ፈለገች፤ መለመኑ ደግሞ አሳፈራት። በመጨረሻ ደኅና ይዋሉ ብላ መንገድ ጀመረች።

መኪናው ላይ ወጥታ ከተቀመጠች በኋላ መስኮቱ ተንኳኳ። ክንዴ ነበር፤ ተከትሏት ሲመጣ ደክሞት ያለከልካል።

"መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በያቸው" አላት። "ሽማግሌዎቹን የመሩት እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን ደባርቅ ይዘው የወጡትም እሳቸው። በሳቸው ስም ነው የተከፈተው።"

መኪናው ተነሣ። መልስ ለመስጠት እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

የመዝገብ ቤቱ እንዳለው በዚያ ስም ሲፈልግ መዝገቡ ተገኘ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ የጽሕፈት መኪናው ፊደል አንዳንዱ ቦታ ፈዟል፤ ውሳኔው ግን ይነበባል። የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ያደረገው ፍቺ ጸድቋል ይላል፣ ጥበብ ከመወለዷ ሁለት ዓመት በፊት። ቴምብር ገዝታ መጣች፤ ግልባጩ ተዘጋጅቶ ማኅተም አረፈበት። ጥበብ ከግቢው ሳትወጣ ቆማ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። የባል ስም ክንዴ ነው። የሚስት ስም ግን አመተ ማርያም አይልም። ዓለምዬ ይላል።

እናቷ ግልባጩን ስታይ አላለቀሰችም፤ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። "ዓለምዬ እኔው ነኝ" አለች። ለሙሽራ አማት ስም ታወጣለች፤ በዚያ ቤት አመተ ማርያም ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹም የሚያውቋት በዚያው ስም ነው።

ጥበብ የፈራችው አልቀረም፤ በቀጠሮው ቀን ጠበቃው ብድግ ብሎ ዓለምዬ የተባለችው ሌላ ሴት ልትሆን ትችላለች አለ። ሰውየው ስንት ሚስት እንደነበረው ማን ያውቃል? ዳኛው ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ ምስክር እንድታቀርብ አዘዙ። መሪጌታም ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ከሞቱ ቆይተዋል። ጥበብ ዛሪማ ለሚገኝ አንድ ባለሱቅ ደውላ ክንዴን አስጠራችው። ስትነግረው እሺም እምቢም አላለም። "መቼ ነው?" ብሎ ጠየቀና ስልኩን መለሰ።

ከቀጠሮው ዋዜማ ጀምሮ መንገዱ ተዘግቷል የሚል ወሬ ነበር። ጥበብ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት ፍርድ ቤቱ ደጅ እየወጣች እየገባች አስፋልቱን ታያለች፤ እናቷ አግዳሚው ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ድረስ ከወዲያ ጥግ ቆሟል። የእነሱ መዝገብ ሊጠራ ሲል ክንዴ በግቢው በር ገባ፤ ጋቢው አቧራ ለብሷል። ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ችሎቱ አመራ።

ማለ። ዓለምዬ ያሏት የሱ ቤተሰቦች መሆናቸውን፣ ስሟን ያወጣችው እናቱ መሆኗን፣ ያቺ ሴት እዚያ የተቀመጠችው አመተ ማርያም መሆኗን ተናገረ። ጠበቃው አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ ታዲያ ይህች ጥበብ የሚሏት የእርስዎ ልጅ አይደለችም?

ክንዴ ወደ ጥበብ ዞር ብሎ አያት። ጥበብ የእናቷን ክንድ ጨምቃ ይዛለች።

"አይደለችም" አለ።

ዳኛው አልሰሙትም፤ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ አሉት። ክንዴ ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። "አይደለችም። የሀብተ ሚካኤል ልጅ ናት።"

ዳኛው የድረስን መቃወሚያ ውድቅ አደረጉ። ድረስ ወጥቶ ሄደ፤ ይግባኝ አላለም፣ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ነፈጋቸው። ጥበብ እፎይ እላለሁ ብላ ነበር፤ እፎይታው ግን አልመጣም። ግቢው ውስጥ እናቷና ክንዴ ፊት ለፊት ቆመው አገኘቻቸው።

"ማጸደቅህን ለምን አልላክህብኝም?" ትለዋለች አመተ ማርያም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

ክንዴ መሬት መሬት አየ። "ብልክብሽ አበቃለት ማለት ነው። እንዲያበቃ አልፈለግሁም።"

"እኔኮ ስፈራ ኖርኩ። ልጄን ታቅፌ ስፈራ፣ ባሌን ስቀብር ስፈራ። አንተ ታውቅ ነበር።"

አመተ ማርያም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዞር ሳትል፣ በፈጣን እርምጃ ወደ ቤቷ ሄደች። ጥበብ መሐል ቀረች። አንድ ጊዜ ወደ እናቷ ተራመደች፣ ተመለሰች። ከዚያ ከክንዴ ጋር ወደ መናኸሪያ ወረደች።

በመንገድ ምሳ ልጋብዝዎ ብትለው መኪና ያመልጠኛል አለ። ሊሳፈር ሲል፣ ያን ቀን መስኮቱን ለምን እንዳንኳኳ ጠየቀችው። ክንዴ የመኪናውን በር ይዞ ጥቂት አሰበ።

"ተቀምጬ ነበር" አላት። "ዝም ብዬ ልቀመጥ ብዬ ነበር። አልሆነልኝም።"

መኪናው ወደ ደባርቅ ሲያቀና ጥበብ እስኪሰወር ቆማ አየችው።

ቤት ስትገባ እናቷ ምጣድ አነሣች፣ አስቀመጠች፣ ደጅ ወጣች፣ ተመለሰች። ጥበብ የስፌት መኪናዋን ከፍታ ክር ስታስገባ ነው ከጓዳ ድምፅ የመጣው።

"ተሳፈረ?"

"ተሳፈረ።"

"ምሳ በልቷል?"

"አልበላም፤ እምቢ አለ።"

አመተ ማርያም ከጓዳ ወጣች። ፊቷ በቁጣ ቀልቷል። ከዛሪማ ድረስ የመጣ ሽማግሌ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ፣ እንዴት በባዶ ሆዱ ይሸኛል? አንድ እንጀራ ጠፍቶ ነው? ሰው ምን ይላል? ጥበብ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት። እናቷ ቆጥታ ቆጥታ ስታበቃ በሩ ላይ ቆመች፤ ወደ ደባርቅ የሚወጣውን መንገድ እያየች ብዙ ቆየች፣ ማምሻው ብርድ ሲመጣ እንኳ በሩን አልዘጋችውም።