የኖርማን ግሪምሾ ሁለት ድምፅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የታችኛው ምክር ቤት የወጥ ቤት ኮሚቴ ጉዳዩን በንዑስ ኮሚቴ አስመርምሮ፣ የንዑስ ኮሚቴውንም ሪፖርት በልዩ ስብሰባ አድምጦ፣ በስኳር ማር የራሰው፣ ፑዲንግ የተባለው ትኩስ ኬክ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከአባላት መመገቢያ አዳራሽ የተሰናበተ መሆኑን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ምክንያቱ የተመጋቢ እጥረት ነው።

ኖርማን ግሪምሾ ማስታወቂያውን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ፤ ጠርጎ አደረገና እንደገና አነበበው። በዚያ አዳራሽ ያንን ፑዲንግ የሚበሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው እሱ ነው። ሁለተኛዋ ከበጋው መጨረሻ ወዲህ አልመጣችም። ኮሚቴው ሳያውቀው «የተመጋቢ እጥረት» ብሎ የጻፈው የአንዲት ሴት መቅረት ነበር።

«አይዞህ የኔ ውድ» አለችው ዶሪን፣ ሳህኑን ፊቱ እያስቀመጠች። ዶሪን አስተናጋጅ ናት፤ ሚኒስትሩንም በረኛውንም «የኔ ውድ» ነው የምትለው። «የዛሬው የመጨረሻው ነው። የሷንም ድርሻ ጨምሬልሃለሁ።»

«ይሄን ሁሉ ማን ይበላዋል?»

«አንተ ነሃ። ሴትዮዋ የት ገባች ግን? ተጣላችሁ እንዴ?»

«እሷ እኮ ተቃዋሚ ናት ዶሪን። ስንጣላ ነው የኖርነው።»

«እሱ እዚያ ውስጥ ነው» አለች ዶሪን፣ በአገጯ ወደ ጉባኤው አዳራሽ እያመለከተች። «እዚህ ማንኪያ ስትሻሙ ነው የማውቃችሁ።»

ኖርማን ማንኪያውን አነሣ። ከፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ዶሪን ግን ከልማድ ብዛት ለባዶውም ወንበር ማንኪያ አስቀምጣ ኖሯል።

ስለ ኖርማን ግሪምሾ ታማኝነት ብዙ ተብሏል፤ ሁሉም እውነት ነው። ፓርቲው ወደ ግራ ሲታጠፍ አብሮ ወደ ግራ ታጥፏል፤ ወደ ቀኝ ሲመለስ አብሮ ተመልሷል። ፓርቲው አምና የሠራውን ዘንድሮ ሲያፈርስ፣ ለመሥራቱም ለማፍረሱም ድምፁን ሰጥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀድሞ ደርሶ። የፓርቲውን አባላት ለድምፅ ከሚያሰልፉት ተጠሪዎች ቢሮ በየሳምንቱ የሚላከው ወረቀት አንድ መስመር ከተሰመረበት «ቢመቻችሁ ኑ» ማለት ነው፤ ሁለት ከተሰመረበት «ኑ»፤ ሦስት ከተሰመረበት ግን «ብትሞቱም ከነሣጥናችሁ ኑ» ማለት ነው። ኖርማን መስመሩን እንጂ ሕጉን አንብቦ አያውቅም። አዲስ ገቢ አባላት ሲያጉረመርሙ ዋናው ተጠሪ ሰር ቴረንስ ቦልተን የኖርማንን የድምፅ መዝገብ ያሳያቸዋል፤ ካህን ለምእመኑ የጻድቅ ገድል እንደሚያነብ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ከመንጋው ያልወጣ በግ!

የመረጡት የስኬልቶርፕ ሰዎችም ያውቁታል። «ኖርማን ምን ያደርጋል? የታዘዘውን ነው» ይላሉ፣ ጥብስ ዓሣቸውን ከነድንቹ ይዘው ዝናብ እየሸሹ። «ግን ለደብዳቤ መልስ ይሰጣል።» ይኸው ነው። ለዚህ ነው የሚመርጡት።

በመጪው ሐሙስ ፓርቲው ለክብሩ እራት ሊያበላ ነው። «ለማይናወጠው» የሚል የተቀረጸበት የብር ትሪ ተዘጋጅቷል። ከትሪው በኋላ ደግሞ በላይኛው ምክር ቤት፣ በቀዩ ወንበር ላይ የሎርድነት መቀመጫ እንደሚከተል ሰር ቴረንስ በጆሮው ሹክ ብሎታል። ኖርማን መቀመጫውን የፈለገው ለክብር አልነበረም። ከምክር ቤቱ ማዶ ባለችው ጠባብ ቤቱ ውስጥ፣ እንደ ብዙዎቹ አባላት ቤት፣ የድምፅ መስጫ ደወል ተገጥሟል። ባለቤቱ ብሬንዳ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት እሱን የሚጠራ ሌላ ድምፅ የለም። ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ፣ ሻዩን ይዞ ግድግዳው ላይ ያለውን ደወል ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ አለ። ሎርድ ዕድሜ ልኩን እንጂ በምርጫ አይቀመጥምና፣ ሎርድ ከሆነ ደወሉ ይቀጥላል። ካልሆነ፣ በሚቀጥለው ምርጫ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ይነቅለዋል።

ባዶው ወንበር የግዌን ፕሮሰር ነበር። ግዌን የዌልስ ሴት ናት፤ የከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ አፏ እንደ ምላጭ። የእሷና የእሱ ነገር «ጥንድ» የሚሉት የምክር ቤቱ የቆየ ልማድ ነው፦ አንድ የመንግሥት ወገንና አንድ ተቃዋሚ ይጣመዳሉ፤ አንዱ መምጣት ካልቻለ ሌላውም ድምፅ አይሰጥም፤ ሒሳቡ ይጣፋል። እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ ልዩነቱ ሁለቱ በሬዎች ፊታቸውን ያዞሩት ወደተለያየ አቅጣጫ መሆኑ ነው። ሕግ አይደለም፤ የሚጠብቀው ፍርድ ቤትም የለም። ያለው ቃል ብቻ ነው።

ብሬንዳ ልትሞት ስታጣጥር ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ነበር። ኖርማን ፈቃድ ጠየቀ፤ የያኔው ተጠሪ «ነገ ሂድ» አለው። ያን ጊዜ ግዌንን የሚያውቃት በስድብ ብቻ ነበር። በኮሪደር ላይ ፊቱን አይታ አቆመችው።

«ምን ሆነህ ነው ኖራ የመሰልከው?»

ነገራት።

«በል ሂድ። እኔም አልገባም።»

«ተጠሪዎችሽ ይገድሉሻል።»

«ይግደሉኛ! ሂድ አልኩህ አንተ ደደብ!»

ሄደ። ብሬንዳ እጁን ይዛ ሞተች። ግዌን ግን ለምን እንደቀረች ወገኖቿ ቢጠይቋት አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ከኮሚቴ ሊቀ መንበርነቷም ወረደች። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ በመስኮቱ ዳር አብረው በሉ።

አሁን ግዌን ከወንዙ ማዶ ሆስፒታል ተኝታለች። ከኖርማን በቀር የሚያውቅ የለም።

«ለማንም እንዳትተነፍስ» ብላዋለች፣ ቱቦ በአፍንጫዋ እንደተሰካ። «እነዚያ ወገኖቼ ከሰሙ ትንፋሼ ሳይወጣ ወንበሬን በሜትር ይለኩታል። ተኝቼ እንዲያለቅሱልኝ አልፈልግም። እስክነሣ ድረስ ጥንዴ ነህ?»

«ነኝ።»

«ቃልህን?»

«ቃሌን።»

ኖርማን የፑዲንጉን ግማሽ እንደጨረሰ ጁሊያን ፌንዊክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጁሊያን ከወጣቶቹ ተጠሪዎች አንዱ ነው፤ ጸጉሩ በቅባት የተኛ፣ ፈገግታው በልክ የተሰፋ ልብስ የመሰለ። የተቀመጠው በግዌን ወንበር ላይ ነው። ማንኪያዋን አንሥቶ ይጫወትበት ጀመር።

«ኖርማን፣ የዛሬው ድምፅ ልዩነቱ ቀጭን ነው። የወደብ ቀረጡ ሕግ። ጥንድ የሚባል ነገር ለዛሬ ቀርቷል፤ ሁሉም ይገባል።»

«እኔ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለፕሮሰር? ታዲያ ትምጣና ድምፅ ትስጣ! ማን ከለከላት? የት ነው ያለችው ለመሆኑ?»

ኖርማን ከፑዲንጉ አንድ ማንኪያ ቆረሰ።

«ታማ ከሆነ ደግሞ ልማዱን ያውቁታል። በአምቡላንስ ግቢ ድረስ ያምጧት፤ ወጥተን በሕይወት መኖሯን አይተን እንቆጥርላታለን። ስንቱን በቃሬዛ ቆጥረናል!»

ኖርማን ግቢውን አሰበ። አምቡላንሱን፣ በመስኮት የሚያጮልቁትን፣ በቱቦው ላይ የሚያጎነብሰውን የጁሊያንን ፈገግታ አሰበ። «ማንኪያውን አስቀምጠው» አለ።

«ምን?»

«ማንኪያውን። የሰው ነው።»

ያን ጊዜ ደወሉ ጮኸ። በመመገቢያው፣ በኮሪደሩ፣ በቤተ መጻሕፍቱ፣ ከማዶ ባሉት መጠጥ ቤቶች፣ ሰው በሌለበት በኖርማን ቤትም ጮኸ። ጁሊያን ክንዱን ያዘው፤ እንደ አክብሮትም እንደ ፖሊስም።

በዚያ ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነው። የሚደግፍ በአንዱ መተላለፊያ፣ የሚቃወም በሌላው ያልፋል፤ ጸሐፊዎች ስሙን ያመለክታሉ፤ የደወሉ ጊዜ ሲያልቅ በሩ ይቆለፋል። ኖርማን እንደ ወትሮው በድጋፉ መተላለፊያ ገባ። ሰላሳ ዓመት የረገጠው ምንጣፍ ነው፤ ጉልበቱ እንኳ መንገዱን ያውቃል። ባልደረቦቹ ስለ እራቱ እየቀለዱ ትከሻውን መቱት። «ትሪውን ለሻይ ነው ለጫማ የምታደርገው?» ጸሐፊው ቀና ሳይል ስሙን አመለከተ። ጁሊያን ከበሩ ላይ አውራ ጣቱን አሳየውና ሌላ በግ ሊነዳ ሄደ።

ኖርማን ከመተላለፊያው ወጥቶ ቆመ። ማዶ፣ በተቃውሞው በር፣ የመጨረሻዎቹ ሰዎች እየገቡ ነው። የሷ በር ነው። ግዌን በዚያ በር ስትገባ ሁልጊዜ ወደሱ ዞር ብላ ምላሷን ታወጣለች፤ የአያት ዕድሜ ይዛ።

በሁለቱም በር ማለፍን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ሒሳቡም ቀላል ነበር። አንድ ለሱ፣ አንድ ለሷ። ያን ጊዜ ሁለቱ ድምፆች ይጣፋሉ፣ ቃሉም ይጠበቃል፤ ማንም አላጭበረበረም፤ ማንም አልታመመም።

ሮጠ። ኖርማን ግሪምሾ ከብሬንዳ ሞት ወዲህ ሮጦ አያውቅም፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሮጠው እስከ ባቡሩ ድረስ ብቻ ነው። ጉልበቱ ጮኸ። በረኛው እጁን በሩ ላይ አድርጎ «ሚስተር ግሪምሾ፣ ይሄ እኮ የነዚያ...» ሲል ሳይጨርስ በጎኑ ሾልኮ ገባ። ከኋላው ቁልፉ ተሰማ።

የተቃውሞው መተላለፊያ ከወዲያኛው ጋር አንድ ነው፤ መጻሕፍቱም፣ መብራቱም፣ የምንጣፉ ሽታም። ይህ ትንሽ አሳዘነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ አገር መስሎት ነበር። አንዳንዶች አጨበጨቡ፤ አንዱ «ሽማግሌው ተሳስቶ ነው፣ በእጁ ያዙትና አውጡት!» አለ፤ ሌላው ሳቀ። ኖርማን መሐላቸው ብቻውን ተሰልፎ ጸሐፊዋ ዘንድ ደረሰ።

«ስምዎ?» አለች ዓይኗን ማመን አቅቷት።

«ግሪምሾ» አለ። ሌላውን ስም በልቡ ጨመረ።

ውጤቱ ምንም አልተለወጠም። መንግሥት አሸነፈ፤ ያለ እሱም ያሸንፍ ነበር።

ጋዜጦቹ ግን ወደቡን ረስተው ኖርማንን ያዙ። አንዱ አእምሮው እንደደከመ ጻፈ፤ አንዱ በሁለት ቢላዋ የሚበላ አለው፤ አንዱ ደግሞ መካከለኛውን መንገድ ያገኘ ብቸኛ ፖለቲከኛ ብሎ በምጸት አወደሰው። ከስኬልቶርፕ አንዲት ሴት ደውላ «ሚስተር ግሪምሾ፣ መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» አለችው።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደ። ግዌን ከስታ ትራሱን መስላ ነበር። ብዙ ከጠበቀ በኋላ ዓይኗን ገለጠች።

«ትናንት ድምፅ ነበረ?»

«ነበረ።»

«ጥንድ ቀርቷል ብለው አገዱ አሉ፤ ራዲዮ ሰማሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ታዲያ እኔ ድምፄን ለየትኛው ወገን ሰጠሁ?»

«ተቃወምሽ» አለ ኖርማን። «እንደ ልማድሽ።»

ወደሱ ዞር አለች። ከዚያ ምላሷን በትንሹ አወጣችና ተኛች።

ሰር ቴረንስ የጠራው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠረጴዛው ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ነበር፤ ጁሊያን በመስኮቱ ዳር ቆሟል።

«ኖርማን» አለ ሰር ቴረንስ፣ «አንተን የምቀጣ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። ተሳስቼ ነው በለኝና ይብቃ። ጨለማ ነበር፣ መድኃኒት ወስጄ ነበር፣ የፈለግከውን በል። እራቱ እንዳለ ነው። ወንበሩም እንዳለ ነው።»

«አልተሳሳትኩም።»

«እሺ፣ ሕጉን ተቃውመህ ነው? ኅሊና ነው? ኅሊናም ቢሆን አንድ ጊዜ ይቻላል።»

«ሕጉን አላነበብኩትም።»

ጁሊያን ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሰር ቴረንስ እጁን በተጠቀለለው ትሪ ላይ ጫነ። «ታዲያ ምንድነው? ሴትዮዋ ናት? ፕሮሰር የት ነው ያለችው? አንድ ነገር ካለ ንገረኝ፤ ሰው አይደለሁም እንዴ? ይኸውልህ፣ ዝም ብለህ ከዚህ በር ከወጣህ እራት የለም፣ ወንበር የለም፣ በሚቀጥለው ምርጫም በፓርቲው ስም አትቆምም። ከሰላሳ ዓመት በኋላ! አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጠየቅኩህ።»

ኖርማን ተነሣ። ጉልበቱ ገና ያመው ነበር። ደወሉን የሚነቅለው ሠራተኛ ግድግዳው ላይ የሚተወውን ቀዳዳ አሰበ፤ በምን እንደሚደፍነውም አሰበ።

«ለምንድነው ያደረግከው?» አለ ሰር ቴረንስ።

«አልናገርም» አለ ኖርማን ግሪምሾ።