የራዚያ ጣውንት

«ኧረ እባካችሁ ብርጭቆ እዚያ ላይ አታስቀምጡ» አለ ነዚፍ። «የሚገዛው ሰውዬ መጥቶ ሊያየው ነው፤ እድፍ እንዳይዝ።»

ለቅሶ ደራሹ ደንግጦ የሻይ ብርጭቆውን አነሣ። ብርጭቆው ከነበረበት ሳንቃ ላይ ክብ እርጥብ ምልክት ቀረ። ራዚያ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና አየችው። ባሏ ዘይኑዲን ቢኖር ይህን ጊዜ ተነሥቶ በሸሚዙ እጅጌ ይጠርገው ነበር። እሷ ደግሞ እሱን ለማናደድ ስትል ብቻ ብርጭቆዋን ሁልጊዜ እዚያው ላይ ታኖር ነበር። እሱ ይጠርጋል፣ እሷ መልሳ ታስቀምጣለች። ትናንት ከቀብር ሲመለሱ የመጀመሪያው ለቅሶተኛ ብርጭቆውን እዚያ ላይ ሲያሳርፍ ዓይኗ በሩን አየ፤ የሚጠርግ ሰው ግን አልመጣም።

ሳንቃው የጡሩንባ ነው። ጡሩንባ ሲባል የዕድር ጥሪ የሚነፋበት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። አዋሳ ውስጥ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት የወጣ፣ ወፍራም እንጨት የለበሰ፣ አፉ ጥጃ የሚያስተኛ ድምፅ ማጉያ ነው። ጠባብ ጉሮሮው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ሰፊ አፉ በመስኮቱ በኩል ወደ ዲላ ገበያ ዞሯል። እሱን ለማስገባት ሲባል መስኮቱ ፈርሶ ሰፍቷል። ለሰው እንግዳ የሚጠብበት ሳሎን ለሱ ግን ቦታ አላጣም።

ራዚያ ስም አውጥታለታለች፤ ጣውንቴ ትለዋለች። «የሰው ባል በሚስቱ ላይ ሲያገባ ቆንጆ ያመጣል፤ የኔው አፏን ከፍታ የምትውል እንጨት አመጣብኝ» እያለች የጎረቤት ሴቶችን ስታስቅ ኖራለች።

ለዚህም ነው የሟች ታናሽ ወንድም ነዚፍ በቀብሩ ማግስት ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ይርጋጨፌ ላይ ቡና ቤት ያለው ሰውዬ ዕቃውን ይፈልገዋል። ቤቱም ይስፋልሽ፣ መስኮቱም ይደፈንልሽ፤ ብርዱ ይጎዳሻል» ሲላት ሳታመነታ፣ «ይውሰደው» ያለችው። ነዚፍ ክፉ ሰው አይደለም። ለወንድሙ ሚስት የሚያስብላት በዚሁ መንገድ ነው። ሰውየው በሦስተኛው ቀን፣ ከሰደቃው በኋላ፣ መኪና ይዞ እንዲመጣ ተቀጠረ። ቀኑ የገበያ ቀን መሆኑን ያሰበ አልነበረም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ከገጠር፣ ከጪጩ የመጡ ሴቶች ድንኳኑ በር ላይ ደረሱ። የራዚያ ወገኖች ለቅሷቸውን ዋጥ አድርገው፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ብለው የሚቀመጡ ናቸው። የጪጩዎቹ ግን ደረታቸውን እየመቱ፣ በጌዴኦኛ እየጠሩት ነው የገቡት። ከፊት ያለችው ወርቂቱ የምትባል ቡና ለቃሚ ናት፤ በእጇ የአሥር ዓመት ያህል ልጅ ይዛለች። አልቅሳ ሲወጣላት ከራዚያ አጠገብ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ጌታ ያጽናሽ፣ እትዬ። ይቺን ታውቂያታለሽ?»

ራዚያ ልጅቷን አየቻት። ግንባሯ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ አስታወሰቻት። «ፀዳለ ናት እንዴ?»

«ራሷ ናት! አራተኛ ክፍል ገባ እኮ» አለች ወርቂቱ ሴቱን ከወንዱ በማይለየው የጌዴኦ አማርኛዋ፤ ከዚያ ወደ ተቀመጠው ሰው ዞረች። «እናንተ ይሄ ቤት ለኔ ምን እንደሆነ አታውቁም። ያን ቀን ልጄ ገበያ ላይ ጠፋ። ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ የለም። ከዚያ ጡሩንባ ጮኸ። ‘ትኩረት! ትኩረት!’ አለ። እኔ ምን አደረግኩ? ወንድሜን በእጁ ያዝኩና ሮጥኩ! ጪጩ ድረስ ሮጥኩ። ለካ የሚጠራው እኔን ነው!»

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሰው ሁሉ ሳቀ። ራዚያም ፊቷን በሻሿ ሸፍና ሳቀች።

እውነቷን ነው። ወጣቱ ሁሉ ስብሰባ እየተባለ ለውትድርና የሚታፈስበት ሰሞን ነበር። ዘይኑዲን ያኔ ሬዲዮ በሚጠግንበት ሱቁ ደጃፍ አንድ የቆርቆሮ ጡሩንባ ሰቅሎ ዘፈን ያሰማበት ነበር። ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ በአሮጌ ዕቃ ዋጋ የገዛው፣ ድምፁ ጥርስ የሚያፋጭ ነገር ነው። የጠፋች ልጅ እያለቀሰች ሲያመጡለት በቅን ልቦና ማይክሮፎኑን አነሣና፣ ከቀበሌ እንደሰማው፣ «ትኩረት!» አለ። ገበያው በአንድ አፍታ ባዶ ሆነ። ጎረምሳው በቡና ተክሉ ውስጥ ጠፋ፣ ባለሱቅ ሱቁን ዘጋ፣ ቅቤ ተደፋ። ዘይኑዲን በአንድ ክንዱ ልጅቷን ታቅፎ፣ በሌላው እጁ ማይክሮፎን ይዞ፣ ከአህዮቹ ጋር ቀረ።

ፀዳለ ያን ቀን ራዚያ ቤት አደረች። ራዚያና ዘይኑዲን ልጅ አልተሰጣቸውም። ሐኪሙንም አዋቂውንም አዳርሰው ሲያበቁ፣ ስለ ነገሩ ማውራት ካቆሙ ቆይተዋል። ራዚያ ልጅቷን አጠበቻት፣ ፀጉሯን ሠራቻት፣ ጡቷ ሥር ወሽቃ አስተኛቻት። ጠዋት ወርቂቱ እያለከለከች ስትደርስ ልጅቷን አስረከበቻትና ወደ ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ዘይኑዲን በሩን አላንኳኳም። ውጭ ሆኖ ጠበቃት።

ስትወጣ፣ «ድምፄ መንግሥት ይመስላል እንዴ?» አላት።

«በዚህ ቆርቆሮ ከወጣ የኔም ድምፅ መንግሥት ይመስላል» አለችው።

ያ ቃል እንቅልፍ ነሣው። ሰው የማያስበረግግ ጡሩንባ ፍለጋ ያልጠየቀው ሰው፣ ያልገባበት አሮጌ ዕቃ ተራ የለም። በመጨረሻ ያ የሲኒማ ቤቱ በቡና መኪና ተጭኖ መጣ። ራዚያ ስታየው ራሷን ያዘች። ግቢ ውስጥ በቆየባቸው ሳምንታት ዶሮዎቿ ገብተውበት እንቁላል ጣሉ። ሲገጠም ደግሞ ድምፁ እንደ ተቀደደ ከበሮ ሆነ። ጉሮሮው ውስጥ ድምፁን የሚያርገበግበው ስስ ሽፋን ተበልቷል። ዘይኑዲን በቆርቆሮ ሞከረ፣ በወረቀት ሞከረ፣ በካኪ ጨርቅ ሞከረ። ቆርቆሮው ይጮኻል፣ ወረቀቱ ያፍናል፣ ካኪው ያጉረመርማል።

አንድ ቀን ራዚያ ሣጥኗን ከፍታ የሠርጓን የሐር ሻሽ ብታወጣ መሐሉ በክብ ተቆርጧል።

አኮረፈች። አንድ ሳምንት ሙሉ ምግቡን በጎረቤት ልጅ እጅ እያስላከች ሰጠችው። እሱ ያቺን ክብ ሐር ስስ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ በጥላ አድርቆ፣ ጉሮሮው ውስጥ አሰራት። ከዚያ በገበያ ቀን ማይክሮፎኑን ይዞ እፍ፣ እፍ አለና እንዲህ አለ፦

«አይዟችሁ፣ ስብሰባ አይደለም።»

ድምፁ እዚያው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። ገበያው ቆመ፤ ከዚያ ሳቀ። አንድም ሰው አልሮጠም። ራዚያ ማድ ቤት ሆና ሰማችው፤ ኩርፊያዋን ግን ለአመል ያህል እስከ ማታ አቆየችው።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ የጠፋ ልጅ ሁሉ ወደዚህ ቤት ይመጣ ነበር። ዘይኑዲን ስሙን አይጠይቀውም። ያለቀሰ ልጅ ስሙን ይረሳል፤ እናቱንም «እማዬ» ከማለት ሌላ አያውቃትም። «እናትህ ምን ልትሸጥ መጣች?» ነው የሚለው። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። «ቆጮ የያዝሽው፣ ሸክላ ያመጣሽው፣ ልጅሽ እዚህ ነው» ይላል። እናትየው እስክትደርስ ልጁ ራዚያ ጉልበት ላይ ሆኖ ዳቦ በሻይ ይበላል። አንዳንዴ ዘይኑዲን ማይክሮፎኑን ወደሷ ዘርግቶ፣ «አንቺ ብትጠሪያቸው የበለጠ ደስ ይላቸው ነበር» ይላታል። «እኔ? ገበያ ሙሉ ሰው ይስማኝ? ምን በወጣኝ!» ትለዋለች።

አመሻሹ ላይ የቀበሌው ሊቀ መንበር ወልደዮሐንስ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «አይዟችሁ፣ ስብሰባ አይደለም» የምትለዋን ንግግር ለማስቀረት ዘይኑዲንን ሁለቴ ቢሮ ጠርቶት እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

«ወይዘሮ ራዚያ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገበያው መሐል ምሰሶ እናቁምልህ፣ ክዳን እናድርግለት፣ ጡሩንባውን እዚያ ስቀለው ብዬው ነበር። ሥራው እንዲቀልለት አስቤ ነው። እምቢ አለኝ።»

«ዝናብ ይፈራል፤ እንጨቱ እንዳያብጥበት ነው» አለች ራዚያ።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ስጨቀጭቀው ምን አለኝ መሰለሽ? ‘ጓድ፣ ጡሩንባው እዚያ ከሄደ ልጆቹም እዚያ ይሄዳሉ። ራዚያስ?’ አለኝ።»

ራዚያ ጣውንቴ ስትለው የኖረችውን እንጨት ቀና ብላ አየችው። ያ ሁሉ ዓመት የገበያ ቀን ሲደርስ ዳቦ አብዝታ የምትጋግረው፣ ሻዩን በስኳር የምታወፍረው ለማን እንደሆነ ራሷን ጠይቃ አታውቅም ነበር። እሱ ግን ያውቅ ነበር። መስኮት አፍርሶ ቤቷን በልጅ ሞላላት፤ እሷ ደግሞ ብርጭቆ ታስቀምጥበታለች። እንባዋ አሁን ነው በደንብ የመጣው። ሐዘን ብቻ አልነበረም። አላህ እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጣት ምስጋናም ነበረበት። ነዚፍ ግን ለገዢው ቃል ሰጥቷል፤ ቃሉ ደግሞ የሷው «ይውሰደው» ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰደቃው ተበልቶ ሰው ሲበተን የይርጋጨፌው ሰውዬ ፒክአፑን በር ላይ አቆመ። ነዚፍ ከጡሩንባው ኋላ ተንበርክኮ ብሎን መፍታት ጀመረ። ዛሬም የመጣችው ወርቂቱ ሳህን ትሰበስባለች። ገበያው ሞልቶ ይንጫጫል።

ያን ጊዜ ሁለት ሴቶች አንዲት ትንሽ ልጅ እየጎተቱ ድንኳኑ በር ላይ ደረሱ። ድንኳኑን ሲያዩ ክው አሉ።

«ጋሼ ዘይኑ የሉም?» አለች አንደኛዋ።

«አልሰማችሁም? ቀብረነው ሦስተኛ ቀናችን ነው» አለ አንድ ሽማግሌ። «ልጅቷን ወደ ቀበሌ ውሰዷት።»

ልጅቷ ምን እንደተባለ ይግባት አይግባት እንጃ፤ ቀበሌ የሚለውን ስትሰማ ለቅሶዋ ባሰ። ሴቶቹም እግራቸው አልነሣ አለ።

«ወዲህ አምጧት» አለች ራዚያ ከሳሎን።

ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት፣ ሻይ ቀዳችላት። ልጅቷ ሁለቱንም ይዛ መብላት ስላልቻለች ብርጭቆውን ከጎኗ ባገኘችው የጡሩንባው ሳንቃ ላይ አስቀመጠች። ነዚፍ ሊናገር አፉን ከፍቶ የራዚያን ፊት ሲያይ ተወው።

«እናትሽ ምን ልትሸጥ መጣች፣ የኔ እናት?»

«ዶሮዬን» አለች ልጅቷ እየተነፋረቀች። «ቀይዋን። ሸጠቻት። እኔ ዶሮዬን ተከትዬ ሄድኩ።»

ራዚያ ተነሣች። «ነዚፍ፣ የፈታኸውን መልሰህ እሰረው።»

«እትዬ፣ ሰውየው ከነመኪናው ቆሟል እኮ!»

«ሻይ ስጠው። ዕቃው አይሸጥም፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁት በለው።»

«እሺ ይሁን። ግን ማን ሊናገርበት ነው? አንቺ የባል ሐዘን ዒዳ ላይ ነሽ።»

«ዒዳ ከቤት አትውጪ ይላል። ከቤቴ አልወጣሁም።»

ከጡሩንባው ጋር የተያያዘውን ማጉያ ከፈተች። ዕቃው አሮጌ ነው፤ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ውስጡ ያሉት አምፖሎች ቀስ እያሉ ሲቀሉ ቆማ ጠበቀች። ማይክሮፎኑን ሁልጊዜ እሱ እንደሚያደርገው በሁለት እጇ ያዘችና እፍ፣ እፍ አለችበት። ትንፋሿ ገበያው ላይ ሲያርፍ ራሷም ሰማችው። ጫጫታው ቀነሰ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። የዘይኑዲንን ሞት የሰማ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር።

«አይዟችሁ» አለችና ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። «አይዟችሁ፣ ስብሰባ አይደለም። ቀይ ዶሮ የሸጥሽ እናት፣ ልጅሽ እዚህ ዘይኑዲን ቤት ናት። ዳቦ እየበላች ነው። ቀስ ብለሽ ነዪ፣ አትሩጪ።»

በሠርጓ ሐር ውስጥ ያለፈው ድምፅዋ እስከ ገበያው ዳር ለስልሶ ሄደ። ወርቂቱ ሳህኖቹን እንደታቀፈች ቆማ ቀረች። ከገበያው መሐል አንዲት ሴት አትሩጪ መባሏን አልሰማችም፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ፣ ሰው እየገፋች፣ ወደ ጡሩንባው ትሮጥ ነበር።

ራዚያ ማጉያውን አጠፋች። ከዚያ የልጅቷን ብርጭቆ ከሳንቃው ላይ አንሥታ እጇ ላይ ሰጠቻትና፣ ክቡን እርጥብ ምልክት በልብሷ እጅጌ እስኪደርቅ ጠረገችው።